ሁመር መድኃኒት ነው? የትኛው ክፍሉ፣ ለየትኛው በሽታ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ሰውዬ ቡናማ ጭማቂ የሞላ ብርጭቆ ይዞ ያወራል። ሁመር ነው። ደም ግፊት ያወርዳል ይላል፣ ስኳር ያስተካክላል፣ ወባ ያባርራል፣ ጉበት ያጥባል፣ ቦርጭ ያጠፋል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው አምስት በሽታ ፈወሰ። ጓደኛዬ ከሥሩ «አንተ የድሬ ልጅ አይደለህ? እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጽፏል።

አዎ፣ የድሬ ልጅ ነኝ። ሁመር ጠጥቼ ነው ያደግኩት። ግን እኛ ቤት ሁመር በመድኃኒትነት አልነበረም የሚታወቀው። ከትምህርት ቤት በዚያ ፀሐይ እየተለበለብን ስንመጣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጠብቀን ነገር ነበር። መድኃኒት የሚሆነው አንድ ሰው ሆዱ ሲደርቅበት ብቻ ነው። ያኔ አያቴ ወፈር አድርጋ ትበጠብጥና ስኳር ሳትጨምር ትሰጠዋለች። የሚጠጣው ሰው ፊት አሁንም ይታየኛል።

ለጓደኛዬ መልስ መጻፍ ጀመርኩና ረዘመብኝ። ለምን ብትሉ፣ «ሁመር ያድናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ልክ አይደለም። ዛፉ ፍሬ አለው፣ ዘር አለው፣ ቅጠል አለው፣ ቅርፊት አለው። አንዱ የሚሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል። ፍሬው ሆድ ይፈታል፣ ቅርፊቱ ሆድ ያስራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የትኛው ክፍሉ፣ ለምኑ፣ ምን ያህል የሚለው ነው።

ለማታውቁት መጀመሪያ ላስተዋውቃችሁ። ሮቃ የሚሉትም አሉ። ፍሬው የባቄላ እሸት ይመስላል፣ ግን ወፈር ያለና ቡናማ ነው። ሲበስል ልጣጩ እንደ እንቁላል ቅርፊት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ውስጡ ተምር የመሰለ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሥጋ አለው። በሥጋው ላይ ቀጫጭን ክሮች ተጠምጥመዋል፣ መሃል ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቁ ጠንካራ ዘሮች ተደርድረዋል። ባቄላ መምሰሉ በአጋጣሚ አይደለም፣ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ዛፉ ቆላ ይወዳል። ሐረርጌ ቆላውን፣ የዓባይንና የተከዜን ሸለቆ፣ ጋምቤላን ብትሄዱ ታገኙታላችሁ። ግዙፍ ነው፣ እስከ 25 ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል። ማታ ሲሆን ትንንሽ ቅጠሎቹን ያጥፋል።

ስሙ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ። ዐረቦች «ተምር ሂንዲ» አሉት፣ የህንድ ተምር ማለት ነው። ጅዳ ወይ ዱባይ ያላችሁ በረመዳን የምትሰሙት ይሄው ነው፣ ኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለፋችሁም ሳትቀምሱት አልቀራችሁም። አውሮፓውያን ከዐረቦች ሰምተው «ታማሪንድ» አሉት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1753 ስዊድናዊው ሊኒየስ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «ታማሪንደስ ኢንዲካ» ብሎ መዘገበው። «የህንድ» የሚለው ሁለት ጊዜ ገባ ማለት ነው። ዛፉ ግን መነሻው አፍሪካ ነው። ህንድ በጥንት ዘመን ተወስዶ የተላመደ እንግዳ ነው። ኧረ አቦ፣ በገዛ ዛፋችን!

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ሁመርን ሁመር የሚያደርገው ታርታሪክ አሲድ የሚባል ነገር ነው። ከሥጋው ክብደት ከ8 እስከ 18 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው። ይሄ አሲድ በፍራፍሬ ዓለም ብዙ ቦታ በብዛት አይገኝም፣ በደንብ የሚታወቀው በወይን ነው። አባቶች ጨርቋ ወይን በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ያንን ጥርስ የሚያጠርሰው አሲድና የሁመሩ አንድ ናቸው።

ብርቱካን ሲበስል ኮምጣጣነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁመር ግን ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል እንጂ አሲዱ አይለቅም። ለዚህ ነው በአንድ ጊዜ የሚጣፍጠውም ፊት የሚያኮማትረውም። ብታፈሉትም አሲዱ አይጠፋም። ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ማንኪያ ወፍራም ሁመር ላይ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርጉ፣ ወዲያው አረፋ ይሆናል። ወይ ደግሞ ጭማቂው ከተጠለለ በኋላ የሚቀረውን ገለባ ወስዳችሁ የጠቆረ የናስ ትሪ እሹበት። ህንዶች የቤተ መቅደስ የናስ ዕቃ የሚያጸዱት በሱ ነው። ትሪው አዲስ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ብዙ ሰው «ኮምጣጣ ስለሆነ ቫይታሚን ሲ ሞልቶታል» ይላል። አይደለም። በ100 ግራም የሁመር ሥጋ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ 3.5 ሚሊግራም አካባቢ ነው። በተመሳሳይ መጠን ሎሚ ውስጥ ወደ 53 ሚሊግራም አለ። ለጉንፋን ብላችሁ ሁመር የምትጠጡ ከሆነ ሎሚው ይሻላችኋል። ሁመር የሚበልጠው በሌላ ነው። ፖታሲየም 628 ሚሊግራም፣ ማግኒዚየም 92 ሚሊግራም አለው። ስኳሩም ቀላል አይደለም፣ ከ100 ግራሙ 57 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። ኮምጣጣ ስለሆነ ብቻ ምላሳችን አያየውም።

እሺ፣ የሆድ ድርቀት። እዚህ ላይ አያቴ ትክክል ነበረች።

ታርታሪክ አሲድና ከፖታሲየም ጋር የሚሠራው ጨው በአንጀት ግድግዳ በኩል በቀላሉ ወደ ደም አይገቡም። አንጀት ውስጥ ይቀሩና ውሃ ይዘው ያስቀራሉ። ውሃ የያዘ ሰገራ ይለሰልሳል፣ ይለቃል። በዚያ ላይ ሥጋው ራሱ ቃጫ አለው። ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጡ አንዳንድ የድርቀት መድኃኒቶች የሚሠሩትም በዚሁ ውሃ በመያዝ ዘዴ ነው። ስለዚህ ይሄ ተረት አይደለም። እንግሊዞች ራሳቸው በመድኃኒት መጽሐፋቸው ውስጥ ሁመርን ከሰናመኪ፣ ከበለስና ከደረቀ ፕሪም ጋር ቀላቅለው እንደ ማርመላታ የሚበላ የሆድ ማለስለሻ አድርገው አስገብተውት ነበር።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሐረርጌና ድሬ ጫት ይቃማል። ጫት ከሚያዘወትሩ ሰዎች በብዛት ከሚሰሙት ቅሬታዎች አንዱ የሆድ ድርቀት ነው፣ ምክንያቱም ጫት ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ፣ እሱ አንጀትን ያደርቃል። በዚያው አገር ሁመር የሰፈር መጠጥ መሆኑን ሳስበው ደስ ይለኛል። ሰው አስቦ ያደረገው ይሁን አይሁን እንጃ፣ ግን በርጫው ሲያበቃ የሚቀርበው ማሰሮ ቦታውን ያገኘ ነገር ነው።

ሆኖም ልክ አለው። ሁመር አንድ ብርጭቆ ለአንዱ ምንም አያደርገውም፣ ሌላውን ሌሊቱን ሙሉ ያመላልሰዋል። ፍሬው ራሱ ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፣ አንዱ አሲዱ ከሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለማታውቁት ሆድ በትንሹ ጀምሩ። ድርቀቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ደም ካለው፣ ወይም ክብደት እየቀነሳችሁ ከሆነ ደግሞ ሁመሩን ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ።

አሁን ተቃራኒው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ላይ ሁመር የሚያጠጡ እናቶች አይቻለሁ። «ፈሳሽ ነው፣ ያጠናክረዋል» ነው ነገሩ። በፍጹም እንዳታደርጉት። ሁመሩ አንጀት ውስጥ ውሃ የሚይዝ ነገር ነው ብለናል፣ በላዩ ላይ ብዙ ስኳር አለው፣ ስኳር ሲበዛም ተቅማጥ ያባብሳል። ተቅማጥ የሚያስወጣው ደግሞ ውሃና ጨው ነው። ሁመር ፖታሲየም አለው እንጂ ሶዲየም፣ የወጥ ጨው ውስጥ ያለው ማለቴ ነው፣ የለውም ማለት ይቻላል። ኦ አር ኤስ ግን ስኳሩና ጨው በልክ ተመጥነው የተሠራ ነው፤ ስኳሩ የሚገባው ጨውንና ውሃን በአንጀት በኩል ጎትቶ ለማስገባት እንጂ ለጣዕም አይደለም። ከጤና ጣቢያ የምታገኙት ያ ከረጢት በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጭማቂ አይተካውም።

«ታዲያ በየአገሩ በሁመር ዛፍ ተቅማጥ ያክማሉ ሲባል ሰምቻለሁ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ያክማሉ። ግን በፍሬው አይደለም፣ በቅርፊቱ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የግንዱን ቅርፊት ቀቅለው ለተቅማጥ ይጠጡታል፣ ቁስልም ያጥቡበታል። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ያው ጫት ላይ ያነሳነው ታኒን ነው። ታኒን ፕሮቲን ይይዛል፣ ያጠብቃል፣ ያኮማትራል። ጥቁር ሻይ ብዙ ሰዓት ተዘፍዝፎ ስትጠጡት ምላሳችሁ የሚደርቀውና ሻካራ የሚሆነው በሱ ነው። አንጀት ላይም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ቁስል ላይም ላዩን ያጥብቀዋል።

ያም ሆኖ ቅርፊት ቀቅላችሁ ጠጡ አልልም። ምን ያህል ቅርፊት በምን ያህል ውሃ፣ ማንም በልኩ የሚነግራችሁ የለም። ኮሶ የጠጣ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፣ የባህል መድኃኒት ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አለመሥራቱ አይደለም፣ መጠኑ በእጅ ግምት መሆኑ ነው። ታኒን ሲበዛ ብረት እንዳይዋሃድ ያደርጋል፣ ሆድም ያሳምማል። ተቅማጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው በውሃ ማለቅ ስለሆነ፣ ሰገራውን ማሰር ብቻ ልጁን አያድነውም።

ወባ ላይ ስደርስ ቀልድ አቆማለሁ።

ሁመር ለትኩሳት የማይሰጥበት ቆላ ብዙ የለም። ሱዳን ይሰጣል፣ ምዕራብ አፍሪካ ይሰጣል፣ ህንድ ይሰጣል። የሚያደርገው ነገርም አለ። ትኩሳት ያለበት ሰው ላቡ ወጥቷል፣ አፉ መሮታል፣ ምግብ አይወርድለትም። ቀዝቃዛ ሁመር ይጠጣለታል። ጎምዛዛው አፍ ይከፍታል፣ ስኳሩ ጉልበት ይሰጣል፣ ውሃው ይተካለታል። በሽተኛው ቀና ሲል ቤተሰብ «ሠራ» ይላል። የወባ ትኩሳት ደግሞ በራሱ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ ነው። አንድ ቀን በርዶ በማግስቱ ይመለሳል። በመሃል የጠጣችሁት ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል።

ደሙ ውስጥ ያለው የወባ ተሕዋስ ግን አልተነካም። «ላብራቶሪ ውስጥ የሁመር ቅጠል ወባ ገደለ» የሚል ነገር ሊያሳዩዋችሁ ይችላሉ። ሰሃን ላይ ተሕዋስ መግደል ከባድ አይደለም፣ በረኪናም ይገድላል። ጥያቄው ሰው ውስጥ ገብቶ፣ ደም ደርሶ፣ በቂ መጠን ሆኖ፣ ሰውየውን ሳይጎዳ ይሠራል ወይ ነው። ለዚያ ኮአርተም አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ፋልሲፓረም ለሚባለው ከባዱ ወባ ዋና መድኃኒት አድርጋ የምትጠቀምበት እሱን ነው። ፋልሲፓረም ሳይታከም በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ደረጃ ሊሸጋገር ይችላል። አንድ ጎረቤታችን ሦስት ቀን ሁመርና ፓራሲታሞል ሲቀያይር ቆይቶ ራሱን ስቶ ነው ሆስፒታል የገባው። ተርፏል። ሦስቱን ቀን ግን አያስታውሳቸውም።

ድሬ ላይ ነገሩ የበለጠ ያሳስባል። ድሮ ወባ የገጠርና የወንዝ ዳር በሽታ ነበር። አሁን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ አለች፣ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ነው። ይቺ ከተማ ትወዳለች። በበርሜል፣ በሮቶ፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ውስጥ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከሷ ጋር ተያይዟል። በበጋ ነው የመጣው፣ ሰው በማይጠብቅበት ወቅት።

እዚሁ ላይ ሌላም አለ። ድሬ ላይ ትኩሳት ወባ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ ገብቶ ነበር፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ። ሦስቱም ትኩሳትና ቁርጥማት ናቸው፣ በዓይን አይለዩም። ደንጊ የሆነ ሰው አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መውሰድ የለበትም፣ መድማት ያባብሳሉ። ናይጄሪያ ውስጥ በጥቂት ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ሲሞከር ደግሞ ሁመር ያለበት ምግብ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ወደ ደም የሚገቡበትን መጠን ከፍ አድርጎታል። ትንሽ ጥናት ነው፣ ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው። ምን ዓይነት ትኩሳት እንደሆነ ሳይታወቅ እነዚህን ክኒኖች በሁመር ማወራረድ ጥሩ ሐሳብ አይደለም። መጀመሪያ ደም ምርመራ። ወባ ከሆነ ኮአርተሙን ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰዱ፣ የሚዋሃደው እንደዚያ ነው፣ ሦስቱንም ቀን ጨርሱ። ሁመሩን ከጎኑ ለአፍ መክፈቻ ጠጡ፣ ማን ከለከለ?

አሁን ቪዲዮው ያላነሳውን፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የገረመኝን ልንገራችሁ። ፍሎራይድ።

ስምጥ ሸለቆ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ለምን ቡናማ እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ከ10 በላይ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ወገብ ይደርቃል፣ አንገት አልዞር ይላል። ወንጂ ስኳር ልማት የሠሩ ሰዎች ላይ በሰፊው የታየ ነገር ነው።

ሃይደራባድ የሚገኘው የህንድ ብሔራዊ የሥነ ምግብ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ሥራ አለ። ጤነኛ ወንድ ልጆችን ወስደው ለ18 ቀን ከምሳቸው ጋር በቀን 10 ግራም ሁመር ሰጧቸው። 10 ግራም እንግዲህ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ነች። ከዚያ ሽንታቸውን ለኩ። ያለ ሁመር በቀን 3.5 ሚሊግራም ያህል ፍሎራይድ ያስወጡ ነበር፣ ከሁመር ጋር 4.8 ሆነ። ከሰውነት የሚወጣው ጨመረ ማለት ነው።

ታዲያ ደስ ብሎን ወደ ዝዋይና ወንጂ ሁመር በጭነት እንላክ? ቀስ። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፣ ጤነኞች ናቸው፣ ጊዜው 18 ቀን ነው። አጥንት ውስጥ የገባውን ማውጣቱን ይሄ ሥራ አያሳይም። ውሃው ከልኩ አሥር እጥፍ ከሆነ ደግሞ አንድ ሚሊግራም ተጨማሪ ማስወጣት የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ እንደማስቀመጥ ነው። መፍትሔው ጣሪያውን መጠገን ነው፣ ማለትም ንጹህ ውሃ ማምጣት ወይ ያለውን ማጣራት። ግን ከቪዲዮው አምስት ፈውሶች ሁሉ ይልቅ ይሄ አንዱ በሰው ላይ ተለክቶ፣ ቁጥር ይዞ የመጣ ነው። ማንም ስለሱ አያወራም። ቦርጭ አያጠፋማ!

ደም ግፊትና ስኳርን በአጭሩ። ፖታሲየም ለግፊት ጥሩ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ብርጭቆ ሁመር ውስጥ የሚገባው ሥጋ 30 ግራም ቢሆን ነው፣ ያ ወደ 190 ሚሊግራም ፖታሲየም ይሰጣል። አንድ መካከለኛ ሙዝ ከ400 በላይ አለው። ስኳሩን ደግሞ ቁጠሩት። ከሥጋው ብቻ 17 ግራም፣ በላዩ እናንተ የምትጨምሩት ሁለት ሾርባ ማንኪያ ወደ 25 ግራም። ከ40 በላይ ሆነ፣ ለስላሳ ጠጣችሁ ማለት ነው። «ሁመር ስኳር ያወርዳል» የሚሉት ሙከራዎች በአብዛኛው አይጥ ላይ፣ ያውም ከዘር ወይም ከቅጠል በተጨመቀ ነገር የተሠሩ ናቸው። አይጦቹ በስኳር የተበጠበጠ ጭማቂ አልጠጡም። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ሰዎች፣ መድኃኒታችሁን ትታችሁ ይሄን እንዳትይዙ። ኩላሊት የደከመበት ሰው ደግሞ ፖታሲየሙም ሊጎዳው ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቦርጭ የሚለው ከየት እንደመጣ ግን የገባኝ ይመስለኛል። ጋርሲንያ የሚባል ሌላ የእስያ ፍሬ አለ፣ ገበያ ላይ «የማላባር ታማሪንድ» ይሉታል። ከሁመር ጋር ዝምድና የለውም። ስሙ ብቻ ነው የሚያገናኛቸው። ከሱ የሚሠሩ ክኒኖች ለክብደት መቀነሻ ተብለው በየኢንተርኔቱ ይሸጣሉ፣ ጉበት የተጎዱ ሰዎችም በሐኪሞች ሪፖርት ተደርገዋል። እንግዲህ ስም ተደበላልቆ «ታማሪንድ ያቀጥናል» ሆነና እኛ ጋ «ሁመር ያቀጥናል» ተብሎ ደረሰ። ጉበት ያጥባል የተባለው ፍሬ ስም ተዋሶ ጉበት የሚጎዳ ክኒን ይዞ መጣ። ውጭ አገር ያላችሁ ማሸጊያው ላይ ያለውን በደንብ አንብቡ።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ሁመር ሲናፍቃችሁ የእስያ ወይም የሜክሲኮ ሱቅ ግቡ። የታይላንዱ ሁለት ዓይነት ነው። ጣፋጩ ከነልጣጩ በካርቶን ይመጣል፣ እንደ ከረሜላ የሚበላ ነው፣ ለእኛ ጭማቂ ግን ይለዝባል። ጡብ መስሎ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ኮምጣጣውን ውሰዱ። የሁመር ከረሜላ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከሜክሲኮ ይገቡ የነበሩ አንዳንዶቹ ውስጥ እርሳስ፣ መርዛማው ብረት ማለቴ ነው፣ ተገኝቶ የአሜሪካ መንግሥት አስጠንቅቆ ነበር። አንዱ ምክንያት እርሳስ ባለበት ቀለም የተለበጠ የሸክላ ዕቃ ነው፣ አሲዱ እርሳሱን ይፈታዋል። ስለዚህ ቤትም ሁመር በጠርሙስ ወይም በማይዝግ ዕቃ አስቀምጡት እንጂ በመዳብ ወይም በአሮጌ አሉሚኒየም አታሳድሩት። ናስ ትሪውን ምን እንዳደረገው አይታችኋል።

ውሻ ያላችሁ ደግሞ፣ ሁመር እንዳያገኝ አድርጉ። ወይን ለውሻ ኩላሊት መርዝ እንደሆነ ከቆየ ይታወቃል፣ በቅርብ ዓመታት የእንስሳት ሐኪሞች ወንጀለኛው ታርታሪክ አሲድ ሳይሆን አይቀርም እያሉ ነው፣ ሁመር በልተው የታመሙ ውሾችም ታይተዋል። እኛን አይነካንም። የውሻ ኩላሊት ነው ልዩ የሆነው።

አሠራሩን ሳልነግራችሁ ብቀር አያቴ አትምረኝም። አንድ እፍኝ ከነዘሩ ወስዳችሁ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት በእጅ ነው የሚታሸው፣ በሚክሰር አይደለም፣ ሚክሰሩ ዘሩን ይሰብርና ታኒኑ ገብቶ አፍ ያደርቃል። ሥጋው ከዘሩ እስኪለቅ እሹት፣ ክሩን አውጡ፣ በወንፊት አጥልሉት። ለጥም ከሆነ ቀጠን አድርጋችሁ ስኳር፣ ለሆድ ከሆነ ወፈር አድርጋችሁ ያለ ስኳር። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ሽታው ከተቀየረ ወይ አረፋ ካነሳ መቡካት ጀምሯልና ድፉት።

ወንፊቱ ላይ የቀሩት ዘሮች ሁላችንም የምንጥላቸው ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ ግን ከነሱ ወፍራም እንደ ተልባ የሚሙለጨለጭ ነገር ይጣራል። ዓይን ላይ ልክ እንደ እንባ ስለሚጣበቅ፣ ለሚደርቅ ዓይን በሚሸጡ ጠብታዎች ውስጥ ይገባል። ይሄን ለጓደኛዬ ስጽፍለት ወዲያው «ታዲያ ዘሩን ቀቅዬ ዓይኔ ውስጥ ላድርገው?» ብሎ መለሰልኝ። አታድርግ! ያኛው ተጣርቶ፣ ከጀርም ጸድቶ፣ በልኩ ተሠርቶ ነው ጠርሙስ ውስጥ የገባው።